የትራፊክ ክስ ደርሶኛል፤ ልክፈል ወይስ ልከራከር?

ደብዳቤው

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ስታጠፍ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና “የቁም ምልክት ጥሰሽ አልፈሻል” ብሎ ክስ ጻፈብኝ። እኔ ቆሜያለሁ፤ ምናልባት እሱ በሚፈልገው ልክ ረዘም አድርጌ አልቆምኩ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የቅጣቱ መጠንና ፍርድ ቤት የምቀርብበት ቀን ተጽፏል፤ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ባለቤቴ “ከፍለሽ ተገላገይ” ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ “ፖሊሱ ፍርድ ቤት አይመጣም፤ አንቺ ሄደሽ ቁሚ ብቻ፣ ይሰረዝልሻል” አለችኝ። አጎቴ ደግሞ “ዝም በይው፣ ይረሳል” ይላል። የምተዳደረው ዕቃ በማድረስ ሥራ ነው፤ መንጃ ፈቃዴ ተነካ ማለት እንጀራዬ ተነካ ማለት ነው። ያለሁበትን አገር ቋንቋ ለሥራ ያህል እንጂ ለፍርድ ቤት በሚበቃ ደረጃ አልችልም። ዳኛ ፊትም ቆሜ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ሾፌር»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ የአጎትሽ ምክር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የትራፊክ ክስ አይረሳም። ወረቀቱን የጻፈው ፖሊስ ሊረሳው ይችላል፤ መዝገቡ ግን ፍርድ ቤት ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። ሳትቀርቢ ወይም መልስ ሳትሰጪ ቀኑ ካለፈ በብዙ አገር ዳኛው በሌለሽበት ይፈርዳል፣ ቅጣቱ ላይ ጭማሪ ይመጣል፣ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፤ አንዳንድ ቦታ የመያዣ ትእዛዝ እስከማውጣትም ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ እገዳውን ሳታውቂ መንዳትሽን መቀጠልሽ ነው። በታገደ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር ብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በመሐል አደጋ ከደረሰ የኢንሹራንሱም ነገር ይበላሻል። በአንድ መታጠፊያ ላይ የተጀመረ ነገር እዚያ ድረስ እንዲሄድ አትፍቀጂለት። አጎትሽ ሊያጽናኑሽ ብለው እንደተናገሩት ይገባኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አትስሚያቸው።

ባለቤትሽ ያለው ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር ጎድሎታል። በብዙ አገር አሠራር ቅጣቱን መክፈል ለክሱ መልስ መስጠት ነው፤ መልሱም «ጥፋቱን ተቀብያለሁ» የሚል ነው። ገንዘቡ ገቢ ሲሆን መዝገቡ ይዘጋል፣ ጥፋቱም በስምሽ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ «የከፈልኩት ለመገላገል ነው እንጂ ጥፋተኛ ሆኜ አይደለም» ብትይ የሚሰማሽ አታገኚም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይተሽ ይህን ያህል ነው የሚያስወጣኝ አትበይ። ብዙ አገሮች በጥፋት ልክ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ ይይዛሉ። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሾፌር በመደበኛው አሠራር ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ይታገዳል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው አዲስ ሾፌር ደግሞ 6 ነጥብ ብቻ ከያዘ ፈቃዱ ይሰረዛል። ኢንሹራንስ ሲታደስ የሚመጣው ጭማሪም አለ፤ ይህ ከቅጣቱ ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። በመንዳት ለምትተዳደሪው ለአንቺ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ጥፋት በስሜ ቢመዘገብ ስንት ነጥብ ይይዛል? እስከ ዛሬ ካለብኝ ጋር ተደምሮስ የት ያደርሰኛል? የኋላ መዝገብሽን ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጠይቀሽ ማየት ትችያለሽ። ይህን ሳታውቂ አትክፈይ።

ባልደረባሽ ያለችው አንዳንዴ ይሆናል። ከሳሽ ወገን ምስክሩን ካላቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ግን ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥም ይችላል፤ ፖሊሶችም ብዙ ጊዜ የጻፏቸው ክሶች በአንድ ቀን እንዲሰሙ ስለሚደረግ ሊገኙ ይችላሉ። ያለ ዝግጅት ሄደሽ ፖሊሱን ፊት ለፊት አግኝተሽው ከምትደናገጪ፣ ይመጣል ብለሽ ተዘጋጅተሽ ሂጂ። ወረቀቱ ላይ የመኪናው ቀለም ወይም የመንገዱ ስም ስለተሳሳተ ብቻ ክሱ ይወድቃል የሚባለውንም በዚሁ ዓይን እይው። ጥቃቅን ስሕተት ብዙ ጊዜ ችሎቱ ላይ ይታረማል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ወረቀቱን ዛሬውኑ አውጪና ከላይ እስከ ታች፣ ጀርባውንም ሳይቀር፣ አንብቢው። ካልገባሽ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ። መጀመሪያ የምትፈልጊው ቀኖቹን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመቅረቢያውን ቀን ብቻ አይቶ ሌላውን ቀን ሲዘነጋ ነው። መከራከር እንደምትፈልጊ የምታሳውቂበት የመጨረሻ ቀን ከችሎቱ ቀን በፊት ሊሆን ይችላል። ጀርመን አገር የቅጣት ውሳኔ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ ተቃውሞ ለማቅረብ ያለሽ ጊዜ 2 ሳምንት ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ በመደበኛው ቅጣት 45 ቀን ይሰጣል። ያንቺ ወረቀት የሚለውን ፈልጊና ካላንደርሽ ላይ ጻፊ። ሦስት ሳምንት አለኝ ብለሽ ስትጠብቂ እውነተኛው ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ሆኖ እንዳይገኝ።

ከዚያ ስምሽንና አድራሻሽን ተመልከቺ። ስማችን በሌላ ፊደል ሲጻፍ በመታወቂያ፣ በመንጃ ፈቃድና በክሱ ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በተለይ አድራሻው የድሮ ቤትሽ ከሆነ የቀጠሮ ለውጥም ሆነ ውሳኔ የሚላከው ወደዚያ ነው፤ «አልደረሰኝም» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቂና ያሳወቅሽበትን ማስረጃ ያዢ። ወረቀቱ ላይ ፈርመሽ ከሆነም አትጨነቂ። በብዙ ቦታ ያ ፊርማ ወረቀቱን መቀበልሽንና በቀኑ ለመቅረብ ቃል መግባትሽን ነው የሚያሳየው፤ ጥፋት ማመን አይደለም።

ቀጥሎ የተከሰስሽበት የሕግ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ይዘሽ የሕጉን ቃል ፈልጊ፤ እዚህ ላይ ጉዳይሽ የሚገለጥ ይመስለኛል። «ረዘም አድርጌ አልቆምኩ ይሆናል» ብለሽ ጽፈሻል። «ሦስት ሰከንድ መቆም አለብሽ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የመንዳት አስተማሪዎች ምክር ነው፤ በብዙ አገር ሕጉ ራሱ የሰከንድ ቁጥር አያስቀምጥም። ሕጉ የሚፈልገው ጎማው ፈጽሞ መቆሙን፣ የቆመበትንም ቦታ ነው። ስለዚህ ራስሽን በሐቅ ጠይቂ። ጎማዬ በእርግጥ ቆሟል ወይስ መኪናው እየተንፏቀቀ ነው ያለፍኩት? ከቆመስ የት ቆመ? ከመስመሩ በፊት ወይስ የመኪናው አፍንጫ መስቀለኛው ውስጥ ከገባ በኋላ? ብዙ ሾፌር ግራ ቀኙን ለማየት መስመሩን አልፎ ነው የሚቆመው፤ «ቆሜያለሁ» ሲልም አይዋሽም፤ በሕጉ ዓይን ግን ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። አንቺ የትኛው እንደሆንሽ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።

ቆሜያለሁ፣ በትክክለኛው ቦታም ቆሜያለሁ ካልሽ፣ መከራከር መብትሽ ነው፤ እኔም ተከራከሪ እልሻለሁ። ግን ማስረጃ ዛሬ ነው የሚሰበሰበው። መኪናሽ ላይ ካሜራ ካለ ቅጂውን አሁኑኑ አውጪ፤ እነዚህ ካሜራዎች ሲሞሉ በአሮጌው ላይ እየደረቡ ይቀዳሉ። በመታጠፊያው አካባቢ መንገዱን የሚያይ ካሜራ ያለው ቤት ወይም ድርጅት ካለም እንዲያስቀምጡልሽ በትሕትና ጠይቂ፤ የእነሱም እንደዚሁ ይጠፋል። የምትሠሪበት መተግበሪያ የጉዞ መዝገብ ይኖረው ይሆናል፤ እሱን ያዢው እንጂ አትመኪበት። ለአንድና ለሁለት ሰከንድ መቆምን አጥርቶ ላያሳይ ይችላል።

ከዚያ ቦታው ድረስ ተመልሰሽ ሂጂ፤ ፖሊሱ ባስቆመሽ ሰዓት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። መኪናው ደኅና ቦታ ይቁምና ፎቶውን በሾፌር ዓይን ከፍታ አንሺ፤ ከሩቅ፣ ከመሐል፣ ከቅርብ። ምልክቱ በዛፍ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል? መስመሩ ከመንገዱ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል? ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ግን ሌላ ነው፤ ሰዎች የሚዘነጉትም እሱን ነው። ፖሊሱ ቆሞ የነበረበትን ቦታ አስታውሺ፣ እዚያው ቁሚ፣ ወደ መስመሩ አቅጣጫ አንሺ። እሱ የነበረው ከጥግ ከሆነና በመሐል አጥር ወይም የቆመ የጭነት መኪና ካለ፣ መኪናሽን ማየት የቻለው መስመሩን ካለፈች በኋላ ሊሆን ይችላል። ቆመሽ የተነሳሽበትን ቅጽበት ሳያይ፣ ስትንቀሳቀሺ ብቻ አይቶሽ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ማንም አልዋሸም፤ እሱም ያየውን ተናግሯል፣ አንቺም ያደረግሽውን። ዳኛ ከሚሰማቸው ክርክሮች ሁሉ ለመቀበል የሚቀለው እንዲህ ያለው ነው፤ ማንንም ውሸታም ሳያደርግ አንቺን ነጻ ሊያወጣሽ ይችላል። የመስቀለኛውን ንድፍ በወረቀት ላይ ሣይ፤ አንቺ የነበርሽበትን፣ እሱ የነበረበትን፣ መስመሩን አሳዪ። የሆነውንም ሳይደበዝዝብሽ በራስሽ ቋንቋ ጻፊው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ይህ ጉዳይ ልቤን ይነካኛል። ስንቱ ሰው በማያውቀው ቋንቋ አንገቱን እየነቀነቀ ያልፈጸመውን ጥፋት ተቀብሎ ወጥቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የወጣውና በ1976 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 በወንጀል የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ካልተረዳ ወይም ካልተናገረ አስተርጓሚ በነጻ ሊቆምለት እንደሚገባ ይናገራል። «የትራፊክ ቅጣት መቼ ወንጀል ሆነና?» ይባል ይሆናል። ይህ ክርክር በእውነት ተነስቶ ያውቃል። ጀርመን የሚኖር ኦዝቱርክ የተባለ ቱርካዊ በ1978 የቆመ መኪና ገጭቶ 60 ማርክ ይቀጣል። ተቃውሞ አቅርቦ ችሎት ከሄደ በኋላ ምስክሮች ሲሰሙ ተቃውሞውን ይተዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የአስተርጓሚውን 63.90 ማርክ ጭምር ክፈል ይለዋል። የአስተርጓሚው ሒሳብ ከቅጣቱ በልጦ ነበር። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። የጀርመን መንግሥት ይህ ተራ የደንብ መተላለፍ እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በየካቲት 1984 በአውሮፓ አቆጣጠር ጥፋቱ ትንሽ መሆኑ መብቱን አያስቀረውም ብሎ ለሰውየው ፈረደለት። ይህ ውሳኔ መመሪያ የሚሆነው የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ለፈረሙት አገሮች ነው፤ በሌላ አገር ያሉ ፍርድ ቤቶችም ብዙዎቹ ሲጠየቁ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን እንዳይመስልሽ። በወረቀቱ ላይ ወዳለው የፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቁጥርሽን ጠቅሰሽ በዚህ ሳምንት ጻፊ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ግለጪ። የችሎቱ ዕለት ጠዋት ብትጠይቂ ቀጠሮው ሊዘዋወር ይችላል። ባለቤትሽን ወይም ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። እነሱ ሊያግዙሽ ሲሉ ያላልሽውን ይጨምራሉ፣ ያልሽውንም ያሳጥራሉ። አስተርጓሚው ሲመጣ በአጭር በአጭሩ ተናገሪ፤ አንድ ሐሳብ ጨርሰሽ ቆም በይ። ያልገባሽን ነገር «አልገባኝም» ለማለት አትፈሪ፤ ሳይገባሽ «እሺ» ማለት ነው የሚጎዳሽ።

መንጃ ፈቃድሽ የሚነካ ሆኖ ካገኘሽው፣ ማለት ነጥቡ ወደ እገዳ የሚያደርስሽ ከሆነ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ጠበቃ አማክሪ። የገንዘብ ችግር ካለብሽ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቦታዎችን ጽሕፈት ቤቱ ሊጠቁምሽ ይችላል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሥርዓቱን ይነግሩሻል፤ «ብከራከር ይሻለኛል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ግን አይመልሱልሽም፤ ሥራቸው አይፈቅድላቸውም። ለጠበቃው ሁሉንም ንገሪው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። «ሰው አለኝ፣ ላስፈጽምልሽ» ወደሚልሽ ሰው ግን አትጠጊ። ፖሊሱንም ከችሎት በፊት ፈልገሽ ለማነጋገር አትሞክሪ። ከቁም ምልክት ክስ ወደ ጉቦ ክስ መሻገር ሕይወት ያበላሻል።

በዕለቱ ቀደም ብለሽ ድረሺ። ፎቶዎቹን አትመሽ ያዢ፤ ስልክ ላይ ያለውን ዳኛው ላያይልሽ ይችላል፣ ስልክ ማስገባት የሚከለከልበት ችሎትም አለ። በር ላይ ወይም መግቢያው አካባቢ የመዝገቦች ዝርዝር ይለጠፋል፤ ስምሽንና የችሎቱን ቁጥር ከዚያ አረጋግጪ። እንዲህ ያሉ ክሶች በአንድ ጠዋት ብዙ ሆነው ስለሚሰሙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስትገቢ ከፊትሽ የሚጠሩትን ሰዎች ተመልከቺ፤ የት እንደሚቆሙ፣ ዳኛውን ምን ብለው እንደሚጠሩ፣ መቼ እንደሚናገሩ። ተራሽ ሲደርስ ሥርዓቱ አዲስ አይሆንብሽም።

ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የእምነት ክህደት ቃልሽን ነው። ጥፋቱን ትቀበያለሽ ወይስ ትክጃለሽ? እዚህ ላይ ታሪኩን አትጀምሪ። «አልቀበልም፣ እከራከራለሁ» በቂ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቆሜ ነበር፣ ግን ትንሽ ቸኩዬ...» ብሎ ሲጀምር ሳያስበው ግማሹን ያምናል። ክርክሩ በዚያው ቀን ካልሆነ ሌላ ቀጠሮ ይሰጥሻል። በክርክሩ ጊዜ በአብዛኛው ቀድሞ የሚናገረው ፖሊሱ ነው። አታቋርጪው፤ ጻፊ። ከዚያ መስቀለኛ ጥያቄ እንድታቀርቢ ዕድል ይሰጥሻል። ጥያቄዎችሽ አጫጭርና የሚታይ ነገር ላይ ያተኮሩ ይሁኑ። የት ነበር የቆሙት? ከዚያ እስከ መስመሩ በግምት ስንት ሜትር ነው? በመሐል ምን ነበር? መስመሩ ራሱ ይታይዎት ነበር? መኪናዬን መጀመሪያ ያዩዋት የት ስትደርስ ነው? «ለምን ይዋሻሉ?» የሚል ነገር ከአፍሽ አይውጣ። ፎቶውን አቅርበሽ «ይህ እርስዎ ከነበሩበት ቦታ የተነሳ ነው?» ብትዪ ከመቶ ቃል ይበልጣል።

ያንቺ ተራ ሲመጣ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገሪ፤ ስትቀርቢ፣ ስትቆሚ፣ ምን እንዳየሽ፣ ከዚያ ስትነሺ። «ሁሉም ሰው እዚያ እንደዚያ ነው የሚያደርገው»፣ «ዕቃው ቸኩሎብኝ ነበር»፣ «መንገዱ ባዶ ነበር» አትበይ፤ ሦስቱም ሳትቆሚ ለማለፍሽ ምክንያት እየሰጠሽ ያስመስላሉ። ቃለ መሐላ ፈጽመሽ የምትናገሪ ከሆነ ደግሞ ያልሆነውን ሆነ አትበይ። በሐሰት መመስከር ከዚህ ሁሉ የከበደ ወንጀል ነው፤ ሕሊናሽንም ይጎዳል።

ራስሽን ጠይቀሽ «አልቆምኩም ነበር» የሚል መልስ ካገኘሽስ? ያኔም ዝም ብለሽ ከመክፈልሽ በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ እይ። አንዳንድ ቦታ የመንዳት ትምህርት ወስደሽ ነጥቡ እንዲቀርልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከመክፈልሽ ወይም ከመቀበልሽ በፊት የሚጠየቅ ነው። ከችሎቱ በፊት ከዐቃቤ ሕጉ ጋር መነጋገርና ክሱ ነጥብ ወደማይዝ ቀላል ጥፋት ዝቅ እንዲል መጠየቅ የሚፈቀድበት አገርም አለ። ይህ ከሌለም ቀርበሽ ጥፋቱን በመቀበል ማቅለያሽን ማሰማት ትችያለሽ። ከዚህ በፊት ያልተቀጣሽ መሆንሽን፣ በመንዳት እንደምትተዳደሪ የሚገልጽ የአሠሪሽን ደብዳቤ አቅርቢ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከብድሽ ከሆነ የመክፈያ ጊዜ ወይም ከፋፍለሽ መክፈል እንዲፈቀድልሽ እዚያው ጠይቂ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ብቻ መጨረስ የሚቻልባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የትራፊክ ክርክርን ሳይቀርቡ በጽሑፍ መግለጫ ማካሄድ ይፈቅዳል። ያንቺ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ አማራጭ ካለው፣ ጽሑፉ በደንብ እንዲተረጎምልሽ ማድረግ ስለምትችዪ ለቋንቋ ችግርሽ ሊያግዝሽ ይችላል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ከችሎት ስትወጪ በቀጥታ ወደ ቤት አትሂጂ። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ቀርበሽ የውሳኔውን ግልባጭ ውሰጂና ይግባኝ የሚባልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አስጽፊ፤ ይህም ጊዜ አጭር ነው። ከፍለሽ ከሆነ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ መዝገብሽን እንደገና ጠይቀሽ ውሳኔው በትክክል መግባቱን አረጋግጪ። ነጻ የተባለ ሰው መዝገብ ላይ ነጥቡ ሳይነሳ ቢቀር፣ ግልባጩ በእጅሽ ካለ በአንድ ደብዳቤ ይታረማል።